ማይክ ለያዝን ሁሉ፦ ሕዝቡ የሚደርስበት ኪይ ላይ እንዘምር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ መዝሙር ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የማነበው ስለ አዲስ አልበም ወይም ስለ ዘማሪ ነው። እኔ ደግሞ ወንበሩ ጋ ስለሚቆመው ሕዝብ ልጻፍ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን አምልኮ መምራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። አጥቢያዬን አልጠቅስም፤ ሕዝቡ ዝም የማለቱ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ሌሎች ጋ ስጋበዝም አይቻለሁና።

ባለፈው ክረምት ጉንፋን ያዘኝና ድምፄ ጭራሽ ተዘጋ። ሦስት እሁድ ሙሉ መድረክ ላይ መውጣት ስላልቻልኩ ኋላ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው እሁድ የሚመራው ጓደኛዬ ነበር፤ ድምፁ የሚገርም ልጅ ነው። መዝሙሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀና ብዬ ግራ ቀኙን ሳይ ግን የሚዘምር ሰው አጣሁ። አጠገቤ ያለው ወጣት እጁን አጣጥፎ አዝማቹ ሲደርስ ብቻ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ከፊቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ እማማ የምላቸው እናት ቆመዋል። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ሞከሩ፣ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ተዉት። በነጠላቸው ጫፍ መነጽራቸውን ጠረግ አደረጉና ዝም ብለው ቆሙ።

ስንወጣ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ዛሬ አሞዎታል እንዴ? ዝም አሉ» አልኳቸው።

«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ። እናንተ የምትወጡበት እኔ አልደርስም እኮ። ከቆየ ቆየ፤ አሁን እሰማችኋለሁ» አሉኝ።

«ከቆየ ቆየ» ያሉት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምመራው እኔ ነበርኩ። መድረክ ላይ ስትሆን ሞኒተሩ፣ ወደ አንተ የዞረው ስፒከር፣ የራስህን ድምፅና ኪቦርዱን ነው የሚያሰማህ፣ መብራቱ ዓይንህ ላይ ነው፣ ከፊት ሁለት ረድፍ ላይ እጅ ሲነሳ ታያለህ፣ ስለዚህ ቤቱ በሙሉ እየዘመረ ይመስልሃል። ሰው ዝም ማለቱን የምታውቅበት መንገድ የለህም።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ትልቁ ግን በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ኪይ፤ ማለትም መዝሙሩ የሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ። መዝሙሩን ከአልበሙ ላይ እንወስደዋለን፤ አልበሙ ደግሞ የተቀዳው ለዘማሪው ድምፅ ነው። ዘማሪው ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድ ከሆነ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ተራው ወንድ ይጮኻል ወይም ዝም ይላል፣ ሴቶቹ ደግሞ ከላይም ከታችም መግቢያ ያጣሉ። እኛ ግን «ኦሪጅናሉን አትንኩት» እንባባላለን። ማን እንደከለከለን አላውቅም። ለጉባኤ ዝማሬ ዜማው ከታች ላ፣ ከላይ ሬ የሚባሉት ኖታዎች አካባቢ ቢሆን አብዛኛው ሰው ሳይጨነቅ ይዘምራል። ዘማሪ ነፍሱን ሰጥቶ ፋ እና ሶል ላይ ሲወጣ ደስ ይላል፤ እዚያ ግን ብቻውን ነው የሚቀረው።

ድምፄ ሲመለስ ለኪቦርዲስታችን ነገርኩት። ትራንስፖዙን፣ ኪይ የሚቀይረውን የኪቦርዱን ቁልፍ፣ ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አወረደው፤ ያለቀው በሁለት ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ለእኔ ከበደኝ፤ የታችኛው ክፍል ድምፄን ይውጠዋል፣ ያማረ ነገር አይወጣኝም። ግን እኔ ላምር አይደለም የቆምኩት። ሳውንድ ላይ የሚቀመጠውን ልጅም ትንሽ ቀንስልን አልነው። በመጨረሻው አዝማች ላይ ከበሮውም ጊታሩም እንዲያቆሙ ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን ሙዚቃው ሲቆም ደነገጥኩ፤ አንድ ስንኝ ያህል ቤቱ ቀዘቀዘ፣ የሚሰማው የእኔ ድምፅና የሁለት ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ማይኩን ከአፌ አራቅሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ከግራ በኩል ከሴቶቹ ተጀመረ፣ ከዚያ ወፍራም የወንዶች ድምፅ ከኋላ መጣ። አራት ጊዜ ደገምነው። በ11 ዓመት ውስጥ የቤተ ክርስቲያናችንን ድምፅ በደንብ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። በደቡብ የነበሩትን አባቶቻችንን አስቡ። ጣልያን ሲገባ፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ከውጭ የመጡት ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ጣልያን ወጥቶ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር። መዝሙሩ ግን መሪው ስንኙን ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ በቃ፣ መጽሐፍም ስክሪንም አያስፈልገውም። በደርግ ጊዜ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ሰው በየቤቱ ተሰብስቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘመረ። ዘማሪው ጋሽ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታስረዋል፤ መዝሙሮቻቸው ግን በካሴት እየተገለበጡ አገር አዳረሱ። ዛሬም አንዱን ብትጀምር ሽማግሌውም ወጣቱም ይቀበልሃል፣ ምክንያቱም ዜማው ለሰው ጉሮሮ የተሠራ ነው። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንም ቅዳሴ ላይ ካህኑ የራሱ፣ ዲያቆኑ የራሱ፣ ሕዝቡም የራሱ ክፍል አለው፤ ተሰጥኦ ይሉታል። መዝሙር 136ን ብንከፍት 26ቱም ቁጥር የሚያበቃው በአንድ ተቀባይ ቃል ነው። ያ ቃል የሕዝቡ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ለዜማ ደራሲዎችና ከውጭ ቋንቋ ለሚተረጉሙ። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። «ይሰማል» ሲላላ ጌታ ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይደመጣል ማለት ነው። የባዕድ ዜማ ላይ ቃሉን በግድ ስንጭነው የላላው ፊደል ምት ላይ ወድቆ ይጠብቅና ትርጉሙ ይዞራል። ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አፉ ይደናቀፋል። ትዝታና ባቲን የመሰለ ሰው በሁለት መስማት የሚይዘው ቅኝት እያለን፣ ለአፋችን የማይመች ዜማ ስናስለምድ ጊዜ እናጠፋለን። የዘመኑ ሙዚቃ ይቅር፣ ጊታር ይውጣ እያልኩ አይደለም። ወጣቶቹ የሚወዱትን እኔም እወዳለሁ። ልምምድ ላይ ግን «ይህንን እማማ መዘመር ይችላሉ?» ብለን እንጠይቅ፣ ካልቻሉ እናውርደው፣ አሁንም ካልሆነ ለብቻ መዝሙር ሰዓት እናቆየው።

አምልኮ የምትመሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። በወር አንድ እሁድ ከመድረክ ውረዱና ኋላ ተቀመጡ። ስልካችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉና ቅዱ። ቤት ስትገቡ ስሙት፤ ከማይኩ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር አለ ወይ? እኛ አሁን ሐሙስ ማታ ልምምድ ላይ የምንጀምረው ያለፈውን እሁድ ቅጂ በመስማት ነው። አንዳንዱ ሳምንት ያስደስታል፣ አንዳንዱ ያሳዝናል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ መዝሙር አስገብተን ሕዝቡ ጭራሽ አልተሰማም፣ እንደገና ልናወርደው ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አምልኮ መሪ፣ ከአዲስ አበባ