አሥሩ ቃላት የት ሄዱ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጋዜጣችሁን ፒያሳ ገዝቼ ቡና እየጠጣሁ አነበዋለሁ። ማታ ደግሞ ልጄ ትቀማኛለች። የምትፈልገው በየሳምንቱ አሥር የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው የምታወጡበትን ዓምድ ነው። ሰባተኛ ክፍል ናት። እያንዳንዱን ቃል አምስት አምስት ጊዜ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ደብተሩ ሞልቷል። ባለፈው እሑድ ደብተሩን ዘግቼ የሦስት ሳምንቱን ጠየቅኋት። ከሠላሳው አራት!

አልተቆጣኋትም። እኔም አስጎብኚ ነኝ፤ እንጀራዬ እንግሊዝኛ ነው። «ባንኬት» (ትልቅ ግብዣ) የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ስንት ጊዜ አጥንቼ ስንት ጊዜ እንደጠፋኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የያዝኩት ፋሲል ግቢ ውስጥ፣ አፄ በካፋ የግብር አዳራሽ ቆሜ፣ እንግዶቼ እያዩኝ ስናገረው ነው።

ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። አባይን ተሻግሬ ጎጃም ቅኔ ቤት ገብቻለሁ። የኔታ ግስ፣ ማለትም የግእዙን ቃል ከነአማርኛው፣ ያስገስሱናል። «ነጸረ፣ አየ» ይላሉ፤ እኛም እንቀበላለን። ሲነጋ እያንዳንዳችን ጥግ ጥጋችንን ይዘን የራሳችንን ቅኔ ስንቆጥር (ስንደርስ) ያ ግስ ይፈለጋል። የጀማሪው ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ነው። ግን ለሁለቱ ቤት ስንቱን ግስ አንስተን ስንቱን እንደምንጥል! ከዚያ ለየኔታ እንነግራለን። ሲበላሽ ያርማሉ፣ ጓደኛ ይስቃል። የተሳቀብኝን ግስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሌላም ልጨምር። ጣሊያን ከጎንደር የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጋራዥ ብትገቡ ግን ዛሬም «ካቻቢቴ አምጣ፣ ፒንሳ አቀብለኝ» ይባላል። ረዳቱ ልጅ ጣሊያንኛ ተማርኩ ብሎ አያውቅም። ካቻቢቴ ሲባል ፒንሳ ካቀበለ ግን ኩርኩም ይቀምሳል። (ኩርኩሙን ለትምህርት ቤት አልመክርም።)

ይህን ሁሉ ለአንድ ጀርመናዊ እንግዳዬ ሳጫውተው ኤቢንግሃውስ ስለሚባል ያገሩ ሰው ነገረኝ። ሰውየው ትርጉም የሌላቸው ቃላት ራሱ ይሸመድዳል፣ መቼ መቼ እንደሚረሳቸው ይለካል። ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ቀን እያራራቁ ሲመለሱበት ግን ይበረክታል። የኔታ ጀርመን አልሄዱም፤ ነገሩን ግን ያውቁት ነበር።

ልጄን አሁን በቀን ሦስት ቃል ብቻ አልኳት። እስኪመሽ ስለ ቤታችን ጉዳይ ትናገርባቸዋለች። አንድ ቀን «ሪላክታንት» ደረሳት፤ ሳይወዱ ማመንታት እንደ ማለት ነው። እናቷ ወፍጮ ቤት ስትልካት «እማ፣ አይ አም ሪላክታንት» አለች። እናቷ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ከፊቷ ግን ገባት። ከመሄድ አልዳነችም። ዱቄቱንም ቃሉንም ይዛ ተመለሰች።

እና ወደ እናንተ ልምጣ። ከአሥሩ ቃላት አምስቱን ተዉልን። በነሱ ቦታ ያለፈውን ሳምንትና ያለፈውን ወር ቃላት መልሱልን። ያኔ ግን ትርጉሙን አትጻፉት፤ ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ስጡን፣ አንባቢው ራሱ አስታውሶ ይሙላው። ዓረፍተ ነገሩም ስለ ለንደን ጭጋግ አይሁን። ስለ ባጃጅ ይሁን፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ሽሮ፤ ልጆቹ በማግስቱ የሚናገሩት ይሁን።

መልሱን ስፖርት ገጽ ላይ ደብቁት። እሱን ገጽ እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ለማንም ስለማልሰጥ ልጄ ቀድማ አታየውም።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፣ የአሁን አስጎብኚ
ከጎንደር