አቤ፣ ከመሳደብህ በፊት ይቺን አንብብ

አቤ ወንድሜ እንዴት ነህ? አውቃለሁ ጠፍቻለሁ። አንተም ጠፍተሃል ግን የኔ ይብሳል፣ እሺ ይቅርታ፣ በቃ ይሄን እንለፈው፣ ሰበብ መደርደር ከጀመርኩ ውሸት እንደምጨምርበት ታውቀኛለህ። ቤተሰብ ደህና ነው፣ ልጆቹ አድገዋል፣ ኑሮው ያው ከዶላሩ እኩል እየሮጠ ነው። ሌላ ወሬ የለኝም።

የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው። የክለባችን የደጋፊ ማህበር ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኛል። ሳቅ፣ ሳቅና ጨርስ። ቅዳሜ ከቦርዱ ጋር ስብሰባ አለን፣ ስለ ደሞዝና ስለ ወጪ እንድናገር የተመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ባንክ ስለሚሰራ ሂሳብ ያውቃል ተብሎ። አካውንታንቱ አንተ፣ ጉድ የሚፈላብኝ እኔ።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ተጫዋቾቹ ደሞዝ ካገኙ ወራት አልፏል። በቀደም ሱቅ ቆሜ በረኛችን መጣና ዳቦና የስልክ ካርድ ወስዶ ቀስ ብሎ «ይያዝልኝ» አለ። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ገለጠ፣ የልጁ ገጽ ጥግ ድረስ ሞልቷል፣ ምንም ሳይናገር ሌላ ገጽ ላይ ስሙን እንደ አዲስ ጻፈለት። እኔ ያላየሁ መስዬ ፍሪጁን ሳፈጥ ነበር። ያ ልጅ ውሉ ላይ ያለው ደሞዝ እኮ ከኔ ብዙ እጥፍ ነው! ወረቀት ላይ ሀብታም ነው። አምና ልንወርድ ስንል በረኛ እንዳይወሰድብን ተብሎ ነው ያ ብር የተጻፈለት፣ የከተማው በጀት ግን የካቲትን እንኳ አላየም።

ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ልጆች «እንደ እንግሊዝ ሕግ ይውጣ» ይላሉ። እኔም ምን አይነት ሕግ ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ አሁን እንቅልፍ የለኝም። እስካሁን የነበረው ሕጋቸው አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነው መክሰር የሚችለው የሚል ነው። ጥሩ ይመስላል አይደል? ከዛ ግን ማን እንደተቀጣ እይ። ማንቸስተር ሲቲ በፈረንጅ 2023 ፌብሩዋሪ ላይ ነው የገንዘብ ሕግ ጥሰሃል ተብሎ 115 ክስ የተባለው የቀረበበት፣ ኤቨርተን በወሩ ተከሰሰ፣ እዛው ዓመት ኖቬምበር ላይ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ 6 አደረጉለት፣ ቆየት ብለው ደግሞ 2 ጨመሩበት። ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ነጥብ አጣ። ሲቲ እስከዛ ድረስ ጠበቃ ቀጥሮ እየተከራከረ ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። ጥፋተኛ ነው እያልኩህ አይደለም፣ ክስ ማጓተትም ብር ይፈልጋል ነው የምልህ።

ያንተ ቼልሲማ አይወራም! ሁለት ሆቴሎቹን በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለራሱ እህት ኩባንያ ሸጠ፣ ቀጥሎ የሴቶቹን ቡድን እንደዛው ለራሱ እናት ኩባንያ። ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራ ኪሱ። አንተ ደግሞ ስልክ ላይ «ፕሮጀክት አለን» ትለኝ ነበር።

በኔም አልተሳቀም እንዳትል፣ የኔው ማንቸስተር ዩናይትድ ያንን ሁሉ ብር አውጥቶ በ2025 15ኛ ወጥቷል። ግን እሱን ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ። ብር ዋንጫ አይገዛም፣ ዩናይትድ ምስክር ነው። ብር የሚገዛው ሳትወርድ ማጥፋት መቻልን ነው። ሀብታሙ ካጠፋ 15ኛ ይወጣል፣ ድሃው ካጠፋ ይወርዳል። ሌስተርን እይ፣ በ2016 ያ ሁሉ ጉድ፣ ማህሬዝን በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ በማይሞላ፣ ካንቴን ከፈረንሳዩ ካን ክለብ አምጥተው ዋንጫ በሉ። ጥቂት ዓመት የተሳሳተ ግዢ፣ ከገቢው ጋር የማይመጣጠን ደሞዝ፣ በ2023 ወረዱ፣ ተመለሱ፣ በ2025 ደግመው ወረዱ። በ2024ም በ2025ም የወረዱት ሦስቱም ክለቦች ገና ከዓመት በፊት ያደጉት ናቸው። እና አስቂኙ የቲቪ ብር ክፍፍሉ መጥፎ አለመሆኑ ነው፣ በ12 ነጥብ መጨረሻ የወጣው ሳውዝሃምፕተን 109 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወስዷል፣ ሻምፒዮኑ ሊቨርፑል 175 ገደማ። ልዩነቱ ያለው ከቲቪው ውጪ ነው፣ ስታዲየሙ፣ ስፖንሰሩ፣ ቻምፒየንስ ሊጉ።

አሁን ደግሞ ለ2026/27 አዲስ ሕግ አጽድቀዋል፣ ለተጫዋች የምታወጣው ከገቢህ 85 ፐርሰንት እንዳያልፍ የሚል። እስቲ አንተ አስላው፣ የ700 ሚሊዮን 85 ፐርሰንትና የ150 ሚሊዮን 85 ፐርሰንት። ድሃው ድህነቱን አክብሮ ይኑር ማለት እኮ ነው። የሁሉንም ጣሪያ መጨረሻ የወጣው ክለብ በሚያገኘው የቲቪ ብር አምስት እጥፍ እንሰረው የሚል ሀሳብ አብሮ ቀርቦ ነበር፣ እሱን ጣሉት። ክለቦቹ ራሳቸው ናቸው የጣሉት!

ስለ አሜሪካኑ እግር ኳስ (እግር የማይነካው ኳስ) ያኔ ስታወራኝ አልሰማህም ነበር፣ አሁን ሰማሁህ። ከ1994 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ጣሪያ፣ በ2025 ለያንዳንዱ ክለብ 279.2 ሚሊዮን ዶላር፣ የቲቪው ብር ለ32ቱ ክለቦች እኩል፣ መጨረሻ የወጣ ቀድሞ ወጣት ይመርጣል። ግሪን ቤይ የምትባለዋ ከዚህ ከኛ ከተማ የማትበልጥ ነገር ከኒውዮርክ ጋር እኩል ትከፍላለች። ይሄን ሁሉ እኩልነት ይዞ ያንተ የሚኒያፖሊሱ ቫይኪንግስ አንድም ሱፐር ቦውል (የነሱ ትልቁ ዋንጫ) የለውም፣ አራት ፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ተሸንፎ። ብር አይደለማ ችግራችሁ አቤ፣ እርግማን ነው፣ ጠበል ሞክሩ።

ግን እዛ መውረድ የለም። ይሄ ነው አእምሮዬን የያዘው። መጨረሻ የወጣ የሚሸለምበት ሊግ ውስጥ ባለቤቱ ምን አስፈርቶት ከአቅሙ በላይ ይከፍላል? የኛ በረኛ ውል ግን የተጻፈው በፍርሃት ነው። ጣሪያ ደግሞ ሞክረነዋል እኮ፣ በኛ 2011 ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር አይለፍ ብለው ተስማምተው ነበር፣ ከዛ በጠረጴዛ ስር የሚባለው መጣ፣ አንዱ ውል ለፌዴሬሽን፣ አንዱ ለመሳቢያ። ፐርሰንት እንበል ብል ደግሞ የምን ፐርሰንት? ገቢያችን ራሱ የከተማ አስተዳደሩ በጀት ነው፣ ከንቲባው ኳስ ከወደደ ሀብታም ነን፣ ካልወደደ ድሃ ነን።

ስለዚህ ያሰብኩት እንዲህ ነው፣ ሳትስቅ ስማኝ። ጀርመኖች ሲዝኑን እስከ መጨረሻ የሚያደርስ ጥሬ ብር እንዳለህ ካላሳየህ ላይሰንስ አይሰጡም። እኛም አንድ ተጫዋች ከመፈረሙ በፊት የተወሰነ ወር ደሞዙ ዝግ ሂሳብ ውስጥ ይግባ፣ ለሌላ ነገር ማንም እንዳይነካው። ውዝፍ ያለበት ክለብ አዲስ አያስፈርም። ሚዛን አያመጣም፣ እሱን አውቃለሁ፣ እዛው ጀርመን ባየርን ከ2013 እስከ 2023 አስራ አንዱንም ተከታታይ ዋንጫ ጠራርጎ በልቷል። ግን አለመክሰርና እኩል መሆን ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው፣ እኛ ገና አንደኛውን አልመለስንም። ችግሩ ብቻችንን ይሄን ካደረግን ጎረቤቶቻችን እንደለመዱት በባዶ ካዝና እያስፈረሙ፣ እኛ በታዳጊ ልጆች ብቻ ተጫውተን እንወርዳለን፣ ከዛ ሰፈር ማን ያስገባኛል? ቅዳሜ ልናገረው ወይስ ዝም ልበል?

አንድ ነገር አለ… እንዴት እንደምለው አላውቅም። የአባባን እረፍት ሰምቼ ድንኳኑ ውስጥ አብሬ አምሽቻለሁ፣ እማማ ነግረውህ ይሆናል። ላንተ መደወል ግን ከበደኝ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ጊዜው አለፈና ደግሞ አፈርኩ። እግዜር ያጽናህ ወንድሜ። ስታዲየም ሁለታችንን ይዘው ሲገቡ ዳኛውን በዛች ዣንጥላ ሲያስፈራሩ ትዝ ይልሃል? ይሄን ቦርድ ቢያዩት ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

በል ቮይስ ላክልኝ፣ አጭር አድርገው፣ ኔትወርኩ አይችልህም። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ አርብ ማታ ብሰማው ይበቃኛል። የኔን ሂሳብ በፎቶ አያይዤልሃለሁ፣ በቀይ እየሰረዝክ መልስልኝ፣ እንደ ድሮው ግን ዳር ላይ ደደብ ብለህ አትጻፍ፣ ለቦርዱ ማሳየት ሊኖርብኝ ይችላል።

እ… ደግሞ ሊቀመንበራችን ሚኒያፖሊስ ወዳጅ አለው ሲባል ሰምቶ ውዝፉን ለማቃለል ዳያስፖራው ትንሽ እንዲያግዝ ጠይቅልን ብሎኛል። ጠይቅ ተብዬ ጠየቅኩ። እምቢ በልልኝና ላሳየው፣ በጽሑፍ አድርገው ብቻ።

ያው ወንድምህ