ሰው አልፈልግልህም፣ ዋስ ግን እሆንሃለሁ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ጠጥተህ ስትነዳ የተያዝክበትን ጉዳይ ሰው ፈልጌ እንዳዘጋልህ በስልክ የጠየቅኸኝን በስልክ ልመልስልህ አልፈለግሁም። ስልክ ላይ አንተ ትቸኩላለህ። እኔም ድምፅህን ስሰማ አንጀቴ አይችልም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ፤ አንተም ረጋ ብለህ አንብበው።

«እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ፍርድ ቤት ሠርተሽ አንድ የምታውቂው ሰው ይጠፋል?» አልከኝ። አይጠፋም። እኔ በሠራሁበት በሬጅስትራሩ፣ ማለት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት በኩል ያላለፈ የአዳማ ሰው ጥቂት ነው። ግን ለዚህ ጉዳይ ሰው አልፈልግልህም። አንድም ቦታ አልደውልም። «ለሻይ» የሚባለውንም ለማንም አልሰጥም፣ አንተም እንዳትሰጥ። ጉቦ የሚያስቀጣው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ሰጪውንም ይቀጣል። አሁን ያለብህ ጉዳይ አንድ ነው። ሁለት አታድርገው።

ጥላኝ ሄደች ብለህ ግን እንዳታስብ። ፍርድ ቤቱ ዋስ ከጠየቀ እኔ እቆማለሁ። ጠበቃ አነጋግሬልሃለሁ። በቀጠሮው ቀን ችሎት ውስጥ እቀመጣለሁ። ከእናት የሚጠበቀውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ መዝገብ እንዲጠፋ ማድረግ ግን የእናት ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። «ደህና ነበርኩ፣ ቡናም ጠጥቼ ነበር» ብለኸኛል። ልጄ፣ ቡና እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ ደም ውስጥ የገባ አልኮል አያወጣም። ቀዝቃዛ ውኃም፣ ንፋስ መቀበልም፣ ክትፎ መደረብም አያወጣውም። ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው፤ አንድ ጠርሙስ ቢራ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አንተ ሰርጉ ላይ አራት ጠጥተህ፣ ላዩ ላይ የሙሽራው ቤተሰብ የጣለውን ጠጅ ቀምሰህ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መሪ ጨበጥክ። ጠጅ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ነው እንጂ ከቢራ ይበረታል። ደህና ነኝ ብሎ የሚነግርህ ያው መጠጡ የያዘው ጭንቅላትህ ነው።

«መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል» ያልከውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። መሣሪያው የሚለካው ከሳንባህ ጥልቅ የሚወጣውን አየር ነው። ደም ውስጥ ያለው አልኮል በሳንባ በኩል ወደ ትንፋሽ ያልፋል፤ ለዚህ ነው ትራፊኩ «ንፋ፣ ንፋ፣ አታቋርጥ» እያለ ድምፅ እስኪሰጥ ያስነፋህ። አንድ ሰው በዚያችው ደቂቃ ተጎንጭቶ ወዲያው ከነፋ አፉ ውስጥ የቀረው መጠጥ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ጠበቃዋ የሚጠይቁህ ነገር አለ። መጨረሻ የጠጣኸው ስንት ሰዓት ነው? ስንቴ ነፋህ? ቁጥሩን አሳይተውሃል? የት ተመዘገበ? ይህን መጠየቅ መብትህ ነው። ማስረጃን መመርመርና ማስረጃ እንዲጠፋ መለመን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን አብረን እናደርጋለን። ሁለተኛውን እኔ በሕይወት እያለሁ አታደርገውም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ለጣቢያው የሰጠኸው ቃል ነው። ለእኔ አራት አልከኝ። ወረቀቱ ላይ ግን «አንድ ቢራ» ብለህ ፈርመሃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው ይላል። የምትናገረው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ እንደሚችልም ሊነገርህ ይገባል። ዝም ብትል ማንም ምንም አይልህም ነበር። ዝምታ መብት ነው። «አንድ» ማለት ግን ዝምታ አይደለም። አሁን ያ ቃል ከመሣሪያው ቁጥር ጎን መዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም። ዐቃቤ ሕጉ ይህን ሳያዩ አያልፉም። ስለዚህ ለጠበቃዋ ከቢራው እስከ ጠጁ፣ ሰዓቱንም ጭምር፣ ሳታስቀር ንገራቸው። ለጠበቃ የሚዋሽ ሰው ራሱን ያለ ጠበቃ ያስቀራል።

«ለምን እዚያው አላሰሩኝም፣ ነገሩ ቀሎ ነው?» ብለህም ነበር። ቀሎ አይደለም። ዋስትና መብት ስለሆነ ነው። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። አንተ ግን በዚያው ሌሊት አጎትህ መጥቶ ስለፈረመልህ ቤትህ አደርክ። ዋስ ማለት ምን እንደሆነ የገባህ አልመሰለኝም። አንተ ብትቀር የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ብሩም ይሄድበታል፣ አንተም ታስረህ እንድትቀርብ ትእዛዝ ይወጣብሃል። «አዲስ አበባ ሥራ ያዘኝ» የሚባል ምክንያት የለም። በፈጣን መንገዱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከዋዜማው ማታ መጥተህ እዚህ እደር። መንጃ ፈቃድህ ትራፊኩ እጅ ነው፣ በሚኒባስ ና።

በቀጠሮህ ቀን የሚሆነው ይህ ነው። ስምህ ይጠራል። ክሱ ይነበባል፣ የሚነበበው በአፋን ኦሮሞ ነው። አንተ ትሰማዋለህ፤ ግን የሕጉ ቃል ከሰፈሩ ቋንቋ ይለያልና አንዲት ቃል እንኳን ካልገባችህ አስተርጓሚ ጠይቅ። ይህም መብት ነው። ሰው እያፈረ ሳይገባው ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ፣ አንተ እንዳታደርገው። ከዚያ ዳኛው የእምነት ክህደት ቃልህን ይጠይቁሃል። አምነህ ከተቀበልክ በእምነትህ ጥፋተኛ ሊሉህ ይችላሉ። ከካድክ ዐቃቤ ሕጉ ምስክርና ማስረጃ ያሰማሉ። ማስረጃው ካልበቃ በነፃ ትሰናበታለህ፤ ከበቃ «ይከላከል» ይባላል፣ ያኔ ተራው ያንተ ነው። እመን ወይም ካድ ብዬ አልነግርህም። ያንን ከጠበቃዋ ጋር ማስረጃውን አይታችሁ ትወስናላችሁ። እኔ የምልህ፣ ካመንክ ሙሉውን እመን። «አዎ ግን መንገዱ ባዶ ነበር፣ አዎ ግን ሌሎቹም ጠጥተው ነበር» የሚል እምነት ለማንም አይጠቅምም።

ጥፋተኛ ብትባል እንኳን ነገሩ እዚያ አያበቃም። የቅጣት አስተያየት ይጠየቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ላይ ቅጣት የሚያቀልሉ ምክንያቶች አሉ፤ ያለፈ መልካም ጠባይና ከልብ መጸጸት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። እስከ ዛሬ ከፖሊስ ጋር ተያይተህ አታውቅም፣ ያ ይነገርልሃል። ቅጣት በገደብ የሚታለፍበት መንገድም አለ። ፍርዱ አልተስማማኝም ካልክ ደግሞ ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ እንደምትል የሚያስታውቀው ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ነው የሚቀርበው፣ ቀኑን የሚያሳልፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ በር ክፍት ሆኖ ሳለ በጓሮ ለመግባት መሯሯጥህ ነው ያሳዘነኝ።

ለምን እንዲህ እንደምጠነክር አንድ ነገር ልንገርህ። ሥራ ላይ እያለሁ ጠጥቶ ሲነዳ ሰው የገደለ ልጅ መዝገብ በእጄ አልፏል። ካንተ ብዙ አይበልጥም ነበር። ችሎት ሲቆም የሸሚዙን እጀታ ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል፣ ደግሞ ይፈታል። የሟች እናት በየቀጠሮው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን መስኮቴ ጋ ቆመው «እዚያ ወረቀት ላይ የልጄ ስም የቱ ጋ ነው? አሳይኝ» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም። ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። እሳቸውም ጣታቸውን ቦታው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከኋላቸው ወረፋው ረዝሞ ማንም አልተናገረም።

በልጁ ላይ የተጠቀሰው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ነበር፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል። የዚህ አንቀጽ ሦስተኛ ንዑስ አንቀጽ በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት የማይሰማው ሁኔታ ውስጥ ከትቶ ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት አላልኩም፣ ጽኑ እስራት ነው። «ሰክሬ ስለነበር አላውቅም» ማለትም መከላከያ አይሆንም፣ የሰከረው ራሱ ነውና። በዚያ ምሽት እዚህ አዳማ ፍራንኮ ከሚባለው ቦታ ወዲህ ያለው መንገድ ላይ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ይጠፋል? የሠርግ ሰሞን ነው፣ ሰው ሁሉ ውጭ ነው። ትራፊኩ ያስቆመህ ማንንም ሳትነካ ነው። እኔ ያንን ትራፊክ ባገኘው አመሰግነው ነበር። አንተ ደግሞ «ቀናተኛ» አልከው። ያቺን ቃል መልሳት።

የመኪናውንም ነገር አስበው። መኪናው የአጎትህ ነው። ሰው ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መጀመሪያ የሚይዘው ባለቤቱን ነው፤ ሌላ ሰው ነድቶት ነበር ማለት አያድነውም። ኢንሹራንስ አለ ትለኝ ይሆናል። ብዙዎቹ የመድን ውሎች ሹፌሩ ጠጥቶ ሲገኝ ይሸሻሉ። እሱ ያንን መኪና የገዛው እህትህ ከዱባይ የምትልክለትን ብር አጠራቅሞ፣ ቀሪውን ከዕቁብ ሞልቶ ነው። ቁልፉን ሲሰጥህ ለምን እንደምትፈልገው እንኳን አልጠየቀህም፤ አምኖህ ነው። እስካሁን ግን አልደወልክለትም። እሱ አልተቆጣም፣ እኔ ነኝ የተቆጣሁት። ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ ቀድመህ ለእሱ ደውል። ይቅርታ ስትጠይቀው ስለ ትራፊኩ አታውራለት።

ሥራ ቦታህ ይሰማ ይሆን ብለህ እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። ለውጭ የጀመርከው ፕሮሰስም አለ፣ ሪከርድ ይሆንብኛል ብለህ ትፈራለህ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ሌሊት እኔንም ያስነሳኛል። ነገር ግን በሰው ተለምኖ የተዘጋ ጉዳይ የለመንከው ሰው እጅ ውስጥ ይቀራል። ነገ ያ ሰው የፈለገ ቀን ያነሳብሃል። በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ግን አልቋል፤ ማንም መጥቶ ውለታ አይቆጥርብህም።

ጠበቃዋ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይጠብቁሃል፣ አድራሻቸውን ታናሽህ በቴሌግራም ይልክልሃል። ከመሄድህ በፊት የዚያን ምሽት ነገር በወረቀት ጻፍ፣ የጠጣኸውን ከነሰዓቱ፣ ከሰርጉ ማን ጋር እንደወጣህ፣ የት እንዳስቆሙህ፣ ስንቴ እንደነፋህ። ትራፊኩ የሰጠህን ወረቀትና የዋስትናውን ግልባጭ ይዘህ ሂድ። የጠበቃዋን ክፍያ ግማሹን እኔ እሸፍናለሁ፣ ግማሹ ከደመወዝህ ነው። ከእሳቸው እንደወጣህ ደውልልኝ፣ የነገሩህን ሳትለውጥ በቃላቸው ንገረኝ።

እናትህ፣
ከአዳማ