አንድ ምክር፣ ሁለት ሂሳብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የአካባቢ ምክር ቤቶች የውጭ ጠበቃ (የራሳቸው ሠራተኛ ያልሆነ ማለቴ ነው) አገልግሎት በጋራ መግዛት ስለ መጀመራቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቅናሹን በደንብ ነግሮናል። ሲሰባሰቡ የሰዓቱ ዋጋ ይወርዳል። ጨረታው አንዴ ወጥቶ ለሁሉም ያገለግላል። አቅም የሌለው ትንሽ ምክር ቤትም ትልቅ የሕግ ድርጅት ደጅ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። በአንድ ምክር ቤት ነገረ ፈጅ ሆኜ ለዓመታት ስለሠራሁ አልከራከርም። ብዕር ያስነሳኝ ጽሑፉ ያልነካው ነገር ነው።

አንድ ገጠመኜን ላውጋችሁ። የግንባታ ዕቃ ዋጋ ድንገት ናረና ተቋራጮች የውል ዋጋ ይስተካከልልን እያሉ ደብዳቤ ያዥጎደጉዱብን ጀመር። ውላችን ስለ ጉዳዩ የሚለው ነገር ድፍንፍን ያለ ነበር። ከጎረቤት ምክር ቤቶች ጋር ሆነን ከመረጥናቸው የሕግ ድርጅቶች ለአንዱ ጻፍን። አሥራ አራት ገጽ የሕግ አስተያየት መጣልን። ጥሩ ሥራ ነበር። ሂሳቡንም ከፈልን።

ከወራት በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ ከጎረቤት ምክር ቤት የመጣች የሙያ ባልደረባዬን አገኘሁ። እነሱንም ያው ጥያቄ ገጥሟቸው ኖሯል። የጠየቁትም ያንኑ ድርጅት ነው። ነገሩ ከነከነንና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። አንቀጾቹ አንድ ናቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለችው የፊደል ግድፈት እንኳ ሳትቀር አለች። የተለወጠው የምክር ቤቱ ስምና የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ብቻ ናቸው። ሁለታችንም ግን ሙሉውን ከፍለናል።

ድርጅቱን አልወቅስም። ሥራው በቁርጥ ዋጋ የተሰጠ ነው። ሁለት ደንበኛ መጣ፣ ሁለት ጊዜ ሸጠ። ሞኞቹ እኛ ነን።

የጋራ ግዥ ሲባል ብዙ ጊዜ የጋራ የሚሆነው ጨረታው ብቻ ነው። ምክር ቤቶቹ ተሰብስበው ድርጅቶችን ያወዳድራሉ። የተወሰኑትን መርጠው የማዕቀፍ ስምምነት (ኋላ ሥራ ሲመጣ የሚታዘዝበት አጠቃላይ ውል) ይፈራረማሉ፣ በየደረጃው የሰዓት ዋጋ ይተምናሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሥራ ሲመጣ እያንዳንዱ ለብቻው ያዛል፣ ለብቻው ፋይል ያስከፍታል፣ ለብቻው ይከፍላል። ጎረቤቱ ትናንት ምን ጠይቆ ምን መልስ እንዳገኘ አያውቅም። የሚያውቀው ጠበቃው ነው።

የሰዓት ዋጋውም ቢሆን ብዙ አያስፈነድቅም። በብዙ አገር የሕግ ድርጅቶች ጊዜያቸውን የሚቆጥሩት በስድስት በስድስት ደቂቃ ነው፤ የሰዓት አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። የሁለት ደቂቃ ስልክም ስድስት ደቂቃ ተብላ ትያዛለች። ስምምነቱ የአንጋፋውን ጠበቃና የጀማሪውን ዋጋ ለየብቻ ያስቀምጣል እንጂ የትኛው ሥራ ለማን እንደሚሰጥ አይናገርም። ጀማሪው በሁለት ሰዓት የሚጨርሰውን አንጋፋው በሦስት ሰዓት ሠርቶ ቢያመጣው ቅናሹ የት ገባ?

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት ልናገር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኛ ለጠበቃ የምንጽፈው ደብዳቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥርም ጫፍም የለውም። «ስለ ተያያዘው ጉዳይ የሕግ አስተያየታችሁን ስጡን» ብለን አንድ ክምር ሰነድ እንልካለን። ጠበቃው መጀመሪያ ጥያቄያችንን ይፈልጋል፣ ቀጥሎ መልሱን። ለሁለቱም እንከፍላለን። ስለዚህ የጋራ ግዥው ተሳካ ብሎ የራሱን ነገረ ፈጅ የሚያሰናብት ምክር ቤት ሳይ ይገርመኛል። ጥያቄውን ማን ሊያጠራው ነው? ሂሳቡንስ ማን ሊያነበው?

እኔ የምለው ምክሩ ራሱ የጋራ ይሁን ነው። ከአባል ምክር ቤቶች አንዱ የሁሉንም ጥያቄ የሚያሳልፍ አንድ ሰው ይመድብ። ያ ሰው መጀመሪያ መዝገቡን ያያል። ተጠይቆ የተመለሰ ከሆነ መልሱን ያቀብላል። አዲስ ከሆነ ሌሎቹንም ያጋጠመ መሆኑን አጣርቶ አንድ ጊዜ ያስጠይቃል። ደመወዙ ከሚያስቀረው ወጪ ይበልጣል የሚለኝ ካለ እኔ ያየኋቸውን ፋይሎች አላየም።

ጠበቆቹ ይህን እንደማይወዱት አውቃለሁ። የሚያነሱት ተቃውሞም ባዶ አይደለም። «እኔ የመከርኩት የጠየቀኝን ደንበኛ ሁኔታ አይቼ ነው፤ ሌላው ወስዶ ተሳስቶ ቢጠቀምበት ተጠያቂ አልሆንም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መፍትሔው አስተያየቱን ከሁለት መክፈል ይመስለኛል። ሕጉ በጥቅሉ ምን ይላል የሚለው ክፍል ለሁሉም አባላት የተጻፈ ይሁን፣ ሁሉም ይመኩበት፣ ድርጅቱም ለሁሉም ኃላፊነት ይውሰድ። የአንዱን ምክር ቤት ጓዳ የሚመለከተው ክፍል ለዚያው ይቅር። የኛ ወረቀት እኮ ራሱ እንዲህ ተከፍሎ ነበር፤ አሥራ ሁለቱ ገጽ ለሁሉም፣ ሁለቱ ለኛ።

የሚስጥር ጉዳይም አለ። ጠበቃ ለደንበኛው የሰጠው ምክር በፍርድ ቤትም ሚስጥርነቱ ይጠበቅለታል። ደንበኛው ራሱ ለሦስተኛ ወገን ካሳየው ግን ጥበቃው ሊቀር ይችላል። በኮመን ሎው አገሮች (እንደ እንግሊዝ ሕጋቸው በአብዛኛው በፍርድ ቤት ውሳኔ የተገነባ አገሮች) የጋራ ጥቅም ያላቸው ወገኖች ምክር ቢለዋወጡ ጥበቃው ላይፈርስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ባልደረባዬና እኔ እንዳደረግነው በእረፍት ሰዓት ወረቀት መገላለጥ ትክክለኛው መንገድ አይደለም። (አዎ፣ አጥፍተናል።) ማን ለማን ምን እንደሚያሳይ ቀድሞ በስምምነቱ ይጻፍ።

ጎረቤታሞች ደግሞ ይጣላሉ። ቆሻሻ የት ይጣል፣ መንገዱን ማን ይጠግን፣ ድንበሩ የት ነው። ሁሉም አባላት የተመረጡት ድርጅቶች ሁሉ ደንበኛ ከሆኑ በዚያ ቀን ማን ለማን ይቆማል? የጥቅም ግጭት አንቀጽ በየስምምነቱ ውስጥ አለ፤ እኔ ያነበብኳቸው ግን «በመግባባት ይፈታል» ብለው ነው የሚያልፉት። ተጣልተናል እኮ ነው የምንለው!

ሕጉም ቢሆን ጠበቃ እንደ ወረቀትና ቀለም እንደማይገዛ ያውቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የመንግሥት ግዥ መመሪያ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከርንና ለዚያ ክርክር የሚሰጥ ምክርን ከግዥ ሥርዓቱ ውጭ አድርጓል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በጁን 2019 ይህን ሲያጸና የጠቀሰው በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለውን መተማመን፣ ሚስጥር ጠባቂነትንና ጠበቃን በነፃ የመምረጥ መብትን ነው። ሌላው የሕግ ምክር ግን ግምቱ 750 ሺህ ዩሮ ሲደርስ ቀለል ባለ ሥርዓት ለውድድር ይቀርባል። ትንሽ ምክር ቤት ብቻውን እዚያ ላይደርስ ይችላል። አሥር ሆነው ሲገዙ ግን የሚታየው ድምሩ ነው። መተባበር ያልነበረ ግዴታ ይዞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ክስም ሊያመጣ ይችላል። የለንደን ምክር ቤቶች መድን በውድ ከመግዛት ብለው የራሳቸውን የጋራ መድን ኩባንያ አቋቁመው ነበር። በጨረታ ላይ የነበረ አንድ የመድን ድርጅት ሥራው ለዚያ ኩባንያ በመሰጠቱ ብሬንት የተባለውን ምክር ቤት ከሰሰ፤ በሁለት ፍርድ ቤትም ረታው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዥ ሕጉ አልተጣሰም ያለው በፌብሩዋሪ 2011 ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት ጠበቃ ተከፍሏል።

ከዚያው ከለንደን የምወደው ሌላ ነገር አለ። ሃሮውና ባርኔት የተባሉት ምክር ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2012 የሕግ ክፍሎቻቸውን አንድ አደረጉ። ጠበቃ ከውጭ አብሮ ከመግዛት በፊት ቤት ያሉትን አብሮ ማሠራት ማለት ነው። ጽሑፋችሁ ይህን አማራጭ አለማንሳቱ ቅር ብሎኛል። በየአካባቢው ብቻቸውን የሚሠሩ ጠበቆችም አሉ፤ ግዥው በሎት (ለየብቻ በሚጫረቱበት ትንንሽ ክፍል) ካልተከፋፈለ እነሱ ደጁን አያዩትም።

ዘጋቢያችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የግዥውን አስተባባሪዎች ሲያገኝ ምን ያህል ቅናሽ አገኛችሁ ብሎ አይጀምር። በመጀመሪያው ዓመት ስንት የሕግ አስተያየት ተጋራችሁ ብሎ ይጠይቅልኝ። መልሱን ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

ያቺ የፊደል ግድፈት ያለባት ገጽ አሁንም ፋይሉ ውስጥ ናት። ባልደረባዬን ለዚያ ወረቀት ስንት እንደከፈሉ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ከኛ አንሶ ካገኘሁት እናደዳለሁ ብዬ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የምክር ቤት ነገረ ፈጅ