ካሪዝማህን 1 አድርገው

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጅህ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህን በዳግማይ ትንሣኤ ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ብርቱ ናቸው። ቡና እያፈሉ "ትገናኛላችሁ አይደል?" አሉኝ። "አዎ እማማ" አልኳቸው። በጾም ፍቺ ዋሸሁ።

ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። የዚያን ቀን ስትደውል ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ስለነበር ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ደግሞ አንተ ጋ፣ ቬጋስ፣ የሥራ ሰዓት ነው። ነገ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ። ከወር በኋላ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። የተቀየምኩህም ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት የላክኸውን ድምፅ ስከፍት ወቀሳ ጠብቄ ነበር። አንተ ግን "ስማ፣ ያንን ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባል የኮምፒውተር ጌም ትጫወተው ነበር አይደል? እኔም ጀመርኩት። ገና ከመንደሯ ስወጣ ሦስት ጊዜ ሞትኩ፣ ምንድን ነው ጥፋቴ?" ብለህ ዘጋኸው። ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ይጠይቃል? ለማንኛውም በስልክ አይዘለቅም፣ ብጽፍልህ ይሻላል።

መጀመሪያ ሞትህን እንጨርስ። ጌሙ ከሚጀምርባት መንደር፣ ከጉድስፕሪንግስ፣ ወጥተህ ወደ ሰሜን ሄደሃል። የቬጋስ ማማ ከሩቅ ስለታየህ፣ ሹፌር ነህና አቋራጩን ፈለግህ። በዚያ በኩል የድንጋይ ካባው ዴዝክሎ የሚባሉት ጭራቆች መንጋ ሰፍሮበታል። ዞር ብለህ በተራራው ልለፍ ካልክ ደግሞ ካዛዶር የሚባል መርዘኛ ተርብ አለ፣ ግዙፍ። ጌሙ ሆን ብሎ ነው ያስቀመጣቸው። ወደ ደቡብ ወርደህ በፕሪም፣ በኒፕተን፣ በኖቫክ ዞረህ እንድትመጣ ይፈልጋል። ፕሪም ማለት ያው ወደ ሎስ አንጀለስ መንገደኛ ስታደርስ ካሊፎርኒያ ልትገባ ስትል የምታልፋት ናት። ያ የሮለርኮስተር ሐዲዷም ጌሙ ውስጥ አለ። እኔ መቼም እዚያ ሰፈር ብኖር ሌላ ጌም አልነካም ነበር።

የሞትክበት ዋናው ምክንያት ግን መንገዱ ይመስልሃል? አይደለም። አንተን ስለማውቅህ ነው የምልህ። መጀመሪያ ላይ ሐኪሙ ዶክ ሚቸል ቤት፣ የሰውህን ባሕርይ በነጥብ የምትመርጥባት ማሽን ፊት ስትቆም ካሪዝማህን፣ ግርማ ሞገስህን፣ 9 አድርገኸዋል። ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቱን አግባብተህ በአንድ ብር ሁለት ጌም ታጫውተን አልነበር? ራስህን ነው የሠራኸው።

ካሪዝማ እዚህ ጌም ላይ ስሙ ትልቅ ነው፣ ሥራው ትንሽ። አብረውህ የሚዞሩትን ጓደኞች ያጠነክራቸዋል፣ የንግግርና የንግድ ችሎታህን መነሻ ትንሽ ከፍ ያደርጋል። በቃ። ሰው የምታሳምነው ስፒች በሚባለው የንግግር ስኪል (ችሎታ) ነው፣ እሱን ደግሞ ሌቭል በጨመርክ ቁጥር ታሳድገዋለህ። ካሪዝማው 1 የሆነ፣ ስፒቹ ግን 100 የደረሰ ሰው ጄኔራል አሳምኖ ጦርነት ያስቆማል። አፍ ሌላ፣ ግርማ ሞገስ ሌላ።

የእኔን የመጀመሪያ ካራክተር ጉድ ልንገርህ። ነጥብ ማባከን ምን እንደሆነ የገባኝ በእሱ ነው።

ስፔሻል የሚባሉት ሰባቱ ባሕርያት እያንዳንዳቸው 5 ሆነው ይመጣሉ፣ 5 ነጥብ ደግሞ በእጅህ ይሰጥሃል። ድምሩ 40 ነው። እኔ ሰባቱንም ወደ 5 እና 6 አስጠጋኋቸው። ለማንም አላዳላሁም፣ እንደ እድር ዳኛ። ታግ የሚደረጉትን፣ ማለትም ዋናዎቼ ብለህ የምትለያቸውን፣ ሦስት ስኪሎች ስማቸው ደስ ስላለኝ መረጥኩ፦ ዱላ፣ የሌዘር መሣሪያ፣ በረሃ መትረፍ። ታግ ያደረግኸው ስኪል ወዲያው 15 ነጥብ ይጨምርልሃል። ያልመረጥኳቸው አብዛኞቹ 15 አካባቢ ላይ ቀሩ።

ከዚያ ሪንጎ የሚባለው ነጋዴ መጣ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተደብቋል፣ ከእስር ያመለጡ ወሮበሎች ሊገድሉት ይፈልጋሉ። መንደሩን አስተባብረህ ከእሱ ጋር መዋጋት ትችላለህ። መጠጥ ቤት ያላትን ትሩዲን በስፒች ታሳምናታለህ። ባለሱቁን ቼትን በንግድ ስኪል፣ ዲናሚት የደበቀውን ሽማግሌ ኢዚ ፒትን በፈንጂ እውቀት፣ ዶክ ሚቸልን በሕክምና። አራቱም የሚጠይቁት 25 ነው። እኔ ሌቭል ስጨምር 12 ነጥብ አገኘሁ። ምን አደረግሁ? ለአራቱም ሦስት ሦስት አካፈልኩ። አራቱም 18 ሆኑ።

ትሩዲ ጋ ሄድኩ፣ 18 ከ25። እምቢ። ቼት ጋ፣ 18 ከ25። እምቢ። ሽማግሌው ዲናሚቱን አልሰጥም አለ። ዶክም እንደዚያው። አራት በር አንኳኩቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አሥሩን ነጥብ ለአንዱ ብቻ ሰጥቼው ቢሆን ቢያንስ አንድ በር ይከፈት ነበር። ውጊያው ላይ ሪንጎ፣ አደን ያስተማረችኝ ሰኒ ስማይልስና ውሻዋ ብቻ ከጎኔ ቆሙ። ሪንጎ ሞተ። ውሻዋ ተረፈች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል የሰማሁት ስንት ጊዜ ነው፣ እኔ አራት ዛፍ ልወጣ ነበር።

ይህን ነገር ከያዝክ ሌላው ይቀልሃል። ጌሙ ሰውህን የሚለካው በደረጃ ነው። ቁልፍ መክፈትን ተመልከት። ደረጃዎቹ 25፣ 50፣ 75፣ 100 ናቸው። ሎክፒክህ 49 ከሆነ 50 የሚጠይቀውን በር አትነካውም፣ 25 ካለው ሰው አትሻልም። ስለዚህ ነጥብ ስታወጣ ደረጃ ላይ አድርሰህ አቁም። የኮምፒውተሩ ስኪል፣ ሳይንስ የሚሉት፣ እንደዚሁ ነው። የስፒች ደግሞ ገና ሳትናገር የሚጠይቀው ቁጥር ይታይሃል። ከሞላህ ታልፋለህ፣ ካልሞላህ አታልፍም። ዕጣ የለበትም። ሳይሞላህ ብትሞክር የሚወጣህ ንግግር ያስቃል። አንዴ ለመዝናናት ሞክረው።

አንድ ብልሃት ልጨምርልህ። በየቦታው የስኪል መጽሔቶች ታገኛለህ። አንዷን ስታነብ ለአጭር ጊዜ 10 ነጥብ ትጨምርልሃለች። እንግዲያው 40 ላይ ብትቆምም በሩ ጋ ስትደርስ መጽሔቷን ከፍተህ 50 ትሆናለህ። እኔ መጽሔት እንደ ስኳር እየቆጠብኩ ነው የኖርኩት። ጠንካራ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ግን ለዘለቄታው 3 ነጥብ ይሰጣሉ፣ እነሱን እንዳገኘሃቸው አንብባቸው።

አሁን ወደ ሰባቱ እንመለስ። እኔ ላንተ ብሠራልህ እንዲህ ነው፦ ጉልበት 5፣ ፐርሴፕሽን (ንቃት) 5፣ ኢንዱራንስ (ጽናት) 7፣ ካሪዝማ 1፣ ኢንተለጀንስ (ብልህነት) 8፣ አጂሊቲ (ቅልጥፍና) 6፣ ላክ (ዕድል) 8። ደምረው፣ 40 ነው።

ኢንተለጀንስን ለምን 8? በየሌቭሉ የምታገኘው ነጥብ 10 ሲደመር የኢንተለጀንስህ ግማሽ ነው። 8 ያለው 14 ያገኛል፣ 4 ያለው 12። ሁለት ነጥብ ምን ይረባል ትል ይሆናል። ተጨማሪ ክፍሎቹን ካልያዝክ ጣሪያው ሌቭል 30 ነው። 29 ጊዜ ታድጋለህ ማለት ነው፣ ልዩነቱ 58 ነጥብ ይሆናል። ዘግይተህ ብታስተካክለው ያለፈው አይመለስም። ሌቭል 4 ላይ ኤዱኬትድ የሚባለውን ፐርክ (ስታድግ የምትመርጠው ልዩ ጥቅም) ከወሰድክ ደግሞ በየሌቭሉ ሁለት ይጨመርልሃል። አስተማሪ እናት ያሳደገችህ ልጅ ይህን አታልፈውም።

ኢንዱራንስ የሚጠቅመው ለጤና ብቻ አይደለም። ቬጋስ አጠገብ አንድ ክሊኒክ አለ፣ ሐኪሟ ሰውነትህ ውስጥ መሣሪያ ትቀብርልሃለች፣ አንዱ ባሕርይህ በአንድ ከፍ ይላል። ስንት ታስቀብራለህ? የኢንዱራንስህን ያህል። ዋጋው እያንዳንዱ 4,000 ካፕ ነው። ካፕ ማለት ቆርኪ ነው፣ እውነቴን ነው። የዓለም ገንዘብ በኒውክሌር ጦርነት ጠፍቶ ሰዉ በጠርሙስ ቆርኪ ይገበያያል። እኔና አንተ በደጃችሁ ዳማ የተጫወትንበት ቆርኪ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ አንድ ካዚኖ እንገዛ ነበር።

ካዚኖ ካልኩ፣ ላክ 8 የሆነው ለዚያ ነው። ዕድልህ ከፍ ሲል ጥይትህ ክፉኛ የመምታት አጋጣሚው ይጨምራል፣ ብላክጃክም ይሰጥሃል። ስትሪፑ፣ የቬጋስ ዋናው የቁማር ጎዳና፣ ላይ ያሉትን ካዚኖዎች አንድ በአንድ ባዶ አድርጌ ከሦስቱም ታግጃለሁ። ብዙ ሲበሉ በትሕትና ያስወጡሃል። በዚያው ገንዘብ ነው ክሊኒኩን የከፈልኩት። አንተ እውነተኛው ስትሪፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከስረው የወጡትን ስለምትጭን ይህን ነገር ጌም ላይ ብቻ ተወው።

ታግህን ጋንስ (የጥይት መሣሪያ)፣ ስፒች፣ ሎክፒክ አድርግ። ጋንስ ውስጥ ሽጉጡም፣ ጠመንጃውም፣ መትረየሱም ስለሚገባ ጥይት አታጣም። ጥገናን አትርሳው፣ 90 አድርሰህ ሌቭል 14 ስትሞላ ጁሪ ሪጊንግ የሚባል ፐርክ ይከፈታል። ውድ ጠመንጃህን ከመንገድ ባነሳኸው ተራ ጠመንጃ ትጠግነዋለህ፣ እንደ መርካቶ መካኒክ። እኔ ከፐርኮች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል እሱን ነው።

ጠላት ስትተኩስበት ከጤናው መስመር አጠገብ ቀይ ጋሻ ካየህ ጥይትህ ልብሱን አልበሳውም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጀግንነት የለም፣ ወይ ጋሻ የሚበሳ ጥይት ጉረስ፣ ወይ ሩጥ።

ሃርድኮር የሚባለውን ከባዱን አጨዋወት መጀመሪያ ላይ አትንካው። መብላት፣ መጠጣት፣ መተኛት አለ፣ ጥይቱ ራሱ ይከብዳል። ጓደኛህ ከሞተም ሞተ ነው። እኔ ኖቫክ ያገኘሁትን ተኳሽ፣ ቡንን፣ በካዛዶር አስበላሁት። ብዙ ቃል አይወጣውም፣ ግን ከጀርባህ ሲቆም ልብህ ያርፋል። ሲሞት ጌሙን ዘግቼ ሁለት ቀን አልከፈትኩትም። ሚስቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት።

ሴቭ ደግሞ በተለያየ ስም አድርግ። ጌሙ ከወጣ ቆይቷል፣ በፈረንጆቹ 2010 ነው፣ ድርቅ ብሎ መቆም ይወዳል። እኔ ደግሞ መብራት ሲጨመርበት አስበው። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ የደከምኩበት ሴቭ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሄደ፣ ፋይሉ ተበላሸ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አዲስ ጀምር። ከመንደሯ ልትወጣ ስትል ጌሙ አንድ ጊዜ አቁሞህ ካራክተርህን ማስተካከል ትፈልጋለህ ወይ ይልሃል። ያኔ ቸኩለህ እሺ ብለህ አልፈኸዋል፣ እኔም አልፌው ነበር። አሁን ረጋ በል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ጉድስፕሪንግስ የምር አለች፣ ከቬጋስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ናት። ጌሙ ላይ ትሩዲ የምትሠራበትን መጠጥ ቤት የቀዱት እዚያ ካለው ፓዮኒር ሳሉን ነው፣ ከ1913 ጀምሮ የቆመ ቤት። እረፍት ቀንህ ላይ ልጅህን ይዘህ ሂድ። ለእሷ አንድ ለስላሳ በጠርሙስ እዘዝላት፣ ቆርኪውን አስቀምጥልኝ። አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኝ በፖስታ አድርገህ ላክልኝ።

እሑድ ማታ በእኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አንተ ጋ ጠዋት ነው። ካላነሳህ እንደገና እደውላለሁ። ካሪዝማህን ስንት እንዳደረግኸው ያኔ ትነግረኛለህ፣ እማማም ይጠይቁኛል።

ያንተው፣
የፈረንሳይ ሰፈሩ ወንድምህ