ወንፊት ላይ የቀረው፦ የሳይንስ ክበብ ዓመት

የዘንድሮውን የክበባችንን ሥራ የጀመርነው በጥቅምት ወር፣ ከሻይ ቤት በተዋስነው ወንፊት ነው። ጤፍ፣ ምስርና ሽምብራ ደባልቄ ውጭ ነፋሁና ወንፊቱን ብቻ ይዤ ክፍል ገባሁ።

"ስነፋ የነበረው እህል ምን ምን ነው?" አልኳቸው።

"ምስርና ሽምብራ!"

"ትንሹስ የቱ ነው?"

"ምስር!"

ከዚያ ጤፉን በሳህን አመጣሁት። ከፊት የተቀመጠ የ9ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው" አለ። ልክ ነህ አልኩት። ዓመቱን ሙሉ የተከታተልነውም ይህንኑ ማጭበርበር ነው። አንድ ነገር ከፊታችን ሲቀመጥ፣ ማን አጣርቶ እንዳቀረበውና ምን እንደሾለከ መጠየቅ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ባዮሎጂ ነው። "መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች" ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ቃሉ ግን ትንሽ ያሳስታል። ጀርሙ መድኃኒቱን ቀምሶ ቀምሶ እንደ ሚጥሚጣ የለመደው ያስመስላል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እንዲያውም ጡንቻ ያወጣ ባክቴሪያ ስላ መጣች። ሥዕሉ ግሩም ነበር፤ ሐሳቡ ግን የተገላቢጦሽ።

እ.ኤ.አ. በ1952 አስቴርና ጆሹዋ ሌደርበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ጉዳዩን በከፋይ ጨርቅ አሳይተዋል። ባክቴሪያ የበቀለበት ሳህን ላይ ከፋዩን ጫን ያደርጉታል። ከዚያ መድኃኒት ባለባቸው ሌሎች ሳህኖች ላይ እንደ ማኅተም ያሳርፉታል። አብዛኛው ባክቴሪያ ያልቃል። የተረፉት ጥቂቶቹ ግን በየሳህኑ የበቀሉት እዚያው፣ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነበር። እንግዲህ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ቀድሞውኑ በመጀመሪያው ሳህን ላይ ነበሩ፤ ያ ሳህን ደግሞ መድኃኒት የሚባል ነገር አላየም። መድኃኒቱ ማንንም አላስተማረም። የማይችሉትን ጠርጎ ቦታውን ለሚችሉት ለቀቀላቸው።

ባክቴሪያ የምናበቅልበት ላብራቶሪ የለንም። ስለዚህ ከልብስ ሰፊ ቁራጭ ከፋይ ለምነን በዱቄትና በጥቁር ወረቀት አስመሰልነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ በጣም ስለተጫንነው ዱቄቱ ተለወሰ። በሦስተኛው ግን የዱቄት ነጠብጣቦቹ ከወረቀት ወረቀት ቦታቸውን ጠብቀው ወጡ። ጠረጴዛውን ከበው እንዴት እንደጮኹ! ጥበቃው ሮጦ መጣ።

በየካቲት ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። የድንቅነሽን ታሪክ ልጆቹ ያውቁታል፤ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ከአጽሟም 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ጥያቄው የመጣው የጥንት ሰዎች አጥንት የተገኘባቸውን ቦታዎች የሚያሳየው ካርታ ጋ ስንደርስ ነው። "የጥንቶቹ ለምን አፋርና ኦሞ ብቻ ኖሩ?" ወንፊቱን ያስታወሰ ልጅ እኔን አላስጨረሰኝም። አጥንት ተጠብቆ እንዲቆይ በወንዝ ወይም በሐይቅ ደለል ቶሎ መቀበር አለበት። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ መሬቱ ተሸርሽሮ ብቅ ሊያደርገው ይገባል። እርጥብና አሲዳማ የጫካ አፈር ላይ የወደቀው በስብሶ ይቀራል። ካርታው ላይ የምናየው አጥንታቸው የተረፈበትን ቦታ ነው። የት የት እንደኖሩማ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

የሚያዝያው የኮከብ ምሽት በደመና ተሰረዘ። ያን ቀን ልነግራቸው የነበረውን እዚህ ልጻፈው፦ በጋላክሲያችን ካሉት ከዋክብት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቀይ ድንኮች የሚባሉ ትናንሽና ደብዛዛ ከዋክብት ናቸው። በባዶ ዓይን ግን አንዳቸውም አይታዩም። ከፀሐይ ቀጥላ የቅርባችን ኮከብ የሆነችው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ እንኳ ያለ መሣሪያ አትታይም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ። አምና በዚሁ መጽሔት የክበባችን አባላት በፊዚክስ ውጤት ከሌሎች እንደሚበልጡ ጽፌ ነበር። ክበቡ ጎበዝ እንዳደረጋቸው አድርጌ። ግንቦት ላይ አንዱ አባል መጽሔቱን አምጥቶ ፊቴ ዘረጋውና "ቲቸር፣ ወንፊቱስ?" አለኝ። አፈርኩ። በቅዳሜ ጠዋት ፊዚክስ ብሎ የሚመጣ ልጅ ድሮም ፊዚክስ ይወዳል። በዚያ ላይ የቆጠርኩት እስከ ሰኔ የዘለቁትን ብቻ ነው።

ዘንድሮ በጥቅምት የተመዘገቡት 41 ነበሩ። ሰኔ ላይ ፎቶ የተነሱት 23 ናቸው። ስለዚህ የቀሩትን 18 ፈልገን ለመጠየቅ ተስማማን። ሦስቱ ትምህርት ቤት ቀይረዋል። ከ15ቱ ውስጥ ሰባቱ ቅዳሜ ቤተሰብ ያግዛሉ፤ አንዷ ከእናቷ ጋር ጉሊት ትቀመጣለች። አራቱ ለታክሲ የሚሆን የላቸውም። ሦስቱን ድራማ ክበብ ወስዷቸዋል፤ እሺ፣ ይሁን። ለመጪው ዓመት ስብሰባው ረቡዕ ከክፍል በኋላ፣ 10 ሰዓት ላይ ሆኗል።

የመጨረሻው ልጅ ትንሽ ካመነታ በኋላ "ቲቸር፣ እርስዎ ብዙ ያወራሉ፤ እኛ የምንነካው ነገር የለም" አለኝ። መዝገቡን ገልጬ አየሁ። የቀረው ከከፋዩ አንድ ሳምንት በፊት ነው።