«እርጅና ነው» እያልን የምናልፈው ድባቴ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በእኛ በሰሜን ሸዋ አንድ አዛውንት እህል ከተዉና ከሰው ከራቁ «እርጅና ነው» ይባላል። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ይወሰዳሉ። ጠበሉን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የሚያናድደኝ፣ ሐኪም ከባድ ድባቴ መሆኑን ነግሮን፣ አንጎልን በኤሌክትሪክ የማከም ዘዴ (ECT) ሲያዝ እንኳ «እናታችንን ኤሌክትሪክ አናስነካም» ብለን መነሣታችን ነው።

ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ላይ ሲጀመር ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ ነበር፤ ለፍርሃቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዛሬው አሠራር ግን ታካሚው በማደንዘዣ ይተኛል፤ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም ይሰጠዋል። ለማከም ተብሎ በኤሌክትሪኩ የሚቀሰቀሰው እንቅጥቅጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በተለመደው አሰጣጥ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይሆናል። አረጋውያን ደግሞ ከወጣቶች የተሻለ ለውጥ ሲያሳዩ በተደጋጋሚ ታይቷል። ምግብና ውሃ እምቢ ላሉ እናት፣ የድባቴ ክኒን እስኪሠራ ሳምንታት መጠበቅ ራሱ አደጋ ነው።

የማስታወስ ችግር ያስከትላል፤ እውነት ነው። አብዛኛው በጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ትዝታ ግን ላይመለስ ይችላል። ልብና የደም ግፊትም አስቀድሞ ይመርመር። ይህንን ሁሉ ሐኪሙን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ሳይጠይቁ እምቢ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እስቲ አንድ የአእምሮ ሐኪም ጋብዛችሁ በሰፊው አስነብቡን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን